ከባድ ብረቶችና የጡት ካንሰር ስጋት፦ በጅማ ቤት ውስጥ መርዛማ ብረቶችን ፈልጎ ለመቀነስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። በጡትዎ ወይም በብብትዎ ሥር ቀድሞ ያልነበረ እብጠት ካገኙ፣ የጡትዎ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከተሰረጎደ፣ የጡትዎ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካወጣ፣ የድስቱና የኩሉ ጉዳይ ይቆይና በቀጥታ ወደ መጨረሻው እርምጃ ይለፉ። የተቀረው መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ምልክት ለሌለባቸውና ቤታቸውን፣ ዕቃቸውንና ምግባቸውን መርምረው ወደ ቤተሰባቸው ገላ የሚገባውን መርዛማ ብረት ለመቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

ጅማ ውስጥ ሦስት አራት ሴቶች ለቡና ከተሰበሰቡ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ በጡት ካንሰር ስለተያዘች ዘመድ ወይም ጎረቤት መነሣቱ እየተለመደ መጥቷል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚገኙት የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ሲሆን፣ ከጠቅላላው ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ድርሻ ይይዛል። ከወሬው በኋላ ጥያቄው ይከተላል፦ ከድስቱ ይሆን? ከኩሉ? ከጎመኑ? አንዷ ሁሉንም ነገር ፈርታ ልጇን ጡት ለማስጣል ታስባለች፤ ሌላዋ «ከአላህ የመጣን ማን ይመልሰዋል» ብላ ትተወዋለች። ለሁለቱም የሚሆን፣ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራ የሚችል ነገር ስላለ ነው ይህን መጻፍ ያስፈለገኝ።

የተረጋገጠውን ካልተቋጨው መለየት

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሳይንሱ የደረሰበትን በልኩ ማወቅ ይገባል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካድሚየምን፣ አርሴኒክን፣ የኒኬል ውሁዶችንና ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየምን «በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ» በሚለው በመጀመሪያው ምድብ ያስቀመጣቸው ሲሆን፣ ኢ-ኦርጋኒክ የእርሳስ ውሁዶችን ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ምድብ አስገብቷቸዋል። ይሁንና ይህ ፍረጃ በዋናነት የተመሠረተው በሳንባ፣ በፊኛ፣ በቆዳና በመሳሰሉት ካንሰሮች ላይ በተገኘ ማስረጃ ነው እንጂ በጡት ካንሰር ላይ አይደለም።

ጡትን በተመለከተ ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ካድሚየም ነው፤ ምክንያቱም በሴሎች ላይ ያለውን የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ እየነካ፣ ራሱ ሆርሞን ሳይሆን እንደ ሆርሞን ስለሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር አነስተኛ የካድሚየም መጠን የጡትና የማህፀን ሕብረ ሕዋስን እንደ ኢስትሮጅን እንደሚያነቃቃ አሳይቷል። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን አንድ ላይ አልገጠሙም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በስዊድን ሴቶች ላይ የተደረገ ሰፊ ክትትል በምግብ ብዙ ካድሚየም በሚያገኙት ላይ የጡት ካንሰር ከፍ ብሎ ያገኘ ሲሆን፣ በኋላ በአሜሪካ ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ትልቅ ክትትል ግን እንዲህ ያለ ዝምድና አላየም። ስለዚህ «ስጋቱን ሊጨምር ይችላል» ማለት ትክክል ነው፤ «ካንሰሯ ከድስቷ መጣ» ማለት ግን ማስረጃ የሌለው፣ የታመመችውንም ሴት ያለ በደሏ የሚወቅስ ንግግር ነው።

ታዲያ ሳይንሱ እስኪቋጭ ለምን አንጠብቅም? እነዚሁ ብረቶች ኩላሊትን፣ አጥንትንና የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዱ ከተረጋገጠ ቆይቷልና ነው። በዚያ ላይ ካድሚየምና እርሳስ ከገላ በቶሎ አይወጡም፦ ካድሚየም በኩላሊት ውስጥ ተከማችቶ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል፤ እርሳስ ደግሞ በአጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጥና በእርግዝና፣ በማጥባትና የወር አበባ በሚቋረጥበት ዘመን ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የ12 ዓመት ልጅ ዛሬ የምታስገባው እናት በምትሆንበት ቀን ከእሷ ጋር ይገኛል ማለት ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ቤቱን ዞሮ መመዝገብ

አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ቤትዎን ይዙሩ። የሚመዘግቡት አራት ነገሮችን ነው፦ ከቤተሰቡ ማን በምን ሥራ ላይ እንደተሰማራና የሥራ ልብሱ የት እንደሚሰቀል፣ በምን ዕቃ እንደሚበስል፣ ፊትና ዓይን ላይ ምን እንደሚቀባ፣ በቤት ውስጥ የሚጨስና የሚነድ ምን እንዳለ። ውኃና የጓሮ አፈር ከእነዚህ በኋላ ይምጡ። ብዙ ሰው ስለ ውኃው ተጨንቆ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ቱታ አያየውም።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የሥራ ልብስ

ይህን እርምጃ ከሌሎቹ አስረዝሜ የምጽፈው በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ባለቤቷ የባጃጅና የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ቡና ልጠጣ ገብቼ ሳለ ቱታውን ከበሩ ጀርባ አንሥታ፣ ልታጥበው ወደ ውጭ ከማውጣቷ በፊት ደጃፉ ላይ ሁለት ጊዜ አራገፈችው። ከኪሱ ስፌት የረገፈው ግራጫ ብናኝ በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታይ ነበር፤ ከሥሩ የዘጠኝ ወር ልጇ ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ ይድህ ነበር፤ ከዚያም እጁን ወደ አፉ ከተተ። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ነው። ይህች ሴት ጥንቁቅ እናት ናት፤ የቀረባት ይህን የሚነግራት ሰው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ባትሪ የሚጠግን፣ በካውያ እርሳስ እያቀለጠ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚሠራ፣ የሚበይድ፣ አሮጌ ቀለም የሚፍቅ፣ ካድሚየም ባለበት ማጣበቂያ ጌጥ የሚበይድ ወይም ከቁራሌው የተገዛ ብረት የሚያቀልጥ ሰው በቤትዎ ካለ እንዲህ ያድርጉ። ልብሱንና ጫማውን በሥራ ቦታ ቀይሮ፣ የቆሸሸውን በተዘጋ ፌስታል አድርጎ ይምጣ፤ መቀየሪያ ቦታ ከሌለው ከደጅ ያውልቅ። ልብሱ በምንም ምክንያት አይራገፍ፤ ከፌስታሉ በቀጥታ ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ከሕፃናት ልብስም ተለይቶ ይታጠብ፣ ለእርሱ የተለየ ሳፋ ይኑረው። እጥቡን ነፍሰ ጡር ሴት ወይም የምታጠባ እናት ባትሠራው ይመረጣል፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ታድርግ። ሰውየው ምግብ ከመንካቱና ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፤ የእርሳስ ብናኝ በውኃ ብቻ በደንብ አይለቅም። ወለሉ በደረቅ መጥረጊያ ሲጠረግ ብናኙ ተነሥቶ ይተነፈሳልና በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በግቢ ውስጥ ባትሪ መስበርና እርሳስ ማቅለጥ ግን በጥንቃቄ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ መቆም አለበት።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ድስትና ቅመም

በየገበያው በርካሽ የሚሸጠው፣ ከተለያየ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስሰው የአሉሚኒየም ድስት ከምን ከምን እንደተሠራ ሻጩም አያውቀውም፤ የሞተር ክፍል፣ የራዲያተርና የኮምፒውተር ስብርባሪ አብሮ ሊቀልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ከ10 ታዳጊ አገሮች የተሰበሰቡ 42 እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ሲፈተሹ፣ ሲሶ ያህሉ አሳሳቢ መጠን ያለው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታይቷል፤ ካድሚየምና አርሴኒክ የለቀቁም ነበሩባቸው።

የድስትዎን ውስጥ በብርሃን ይመልከቱት። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተቦረቦረ ከሆነና በሎሚ የራሰ ነጭ ጨርቅ ሲያሹበት ጨርቁ ከጠቆረ፣ ብረቱ እየተፋቀ ወደ ወጡ መግባቱን ያሳያል፤ ጥቁረቱ ግን በራሱ የእርሳስ ማረጋገጫ አይደለም፤ ጨርቁ ሳይጠቁር መቅረቱም ድስቱ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም። ሁሉንም ድስት በአንድ ቀን መለወጥ ለብዙ ቤት አይቻልም፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ይሂዱ። በመጀመሪያ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም አቼቶ የሚገባበትንና ረጅም ሰዓት የሚንተከተከውን ወጥ ከዚያ ድስት ያውጡ፤ አሲድ ብረትን ያሟሟልና። ለዚህ ወጥ ሸክላ ድስት ወይም የማይዝግ ብረት ይመደብ። የተረፈ ወጥ በአሉሚኒየሙ ውስጥ አይደር። ውስጡንም በአሸዋና በሽቦ አይፈግፍጉት፤ ብረቱን ከአሲድ የሚከላከለው ስሱ ሽፋን የሚነሣው በዚህ ነው። የእናቶቻችን ሸክላ በእርሳስ መስታወት የሚለበጥ ስላልሆነ ከዚህ አንፃር የሚያሰጋ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚሻው ከውጭ የሚገባው፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅና በደማቅ ቀለም ያጌጠው የሸክላ ዕቃ ነው።

ቅመምን በተመለከተ፣ በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርድን ለማድመቅ የእርሳስ ክሮሜት የተባለ ቢጫ የኢንዱስትሪ ቀለም ይቀላቅሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በገበያ ከተወሰዱት የእርድ ናሙናዎች 47 በመቶው እርሳስ ተገኝቶባቸው፣ መንግሥትና ተመራማሪዎች ተባብረው በሠሩት ሥራ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል። ይህን የምጠቅሰው ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ለእኛም ስለሚሠራ ነው፦ እርድንም በርበሬንም ሳይፈጭ ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ራስ ማስፈጨት። ከቴፒ በኩል የሚመጣውን ደረቅ እርድ ከነሥሩ ማግኘት ለጅማ ሰው አይቸግርም። ከሚገባው በላይ የሚያበራ ቢጫ ዱቄት ካዩ አይግዙ።

አራተኛ እርምጃ፦ ኩልና የፊት ክሬም

ኩል ከአያት የወረስነው ጌጥ ነው፤ ነገር ግን ጥቁር አብረቅራቂ ድንጋይ እየተፈጨ ከሚዘጋጀው ውስጥ ብዙው ጋሌና የሚባል የእርሳስ ማዕድን ነው፤ በተለያዩ አገሮች በተመረመሩ የኩል ዓይነቶች ውስጥ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የተገኘባቸው አሉ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ከሁሉ የከፋው አራስ ሕፃንን መኳል ነው፤ ሕፃኑ ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይጠባል፣ ከአዋቂ ይልቅም አንጀቱ እርሳስን በብዛት ይቀበላል። የአያትን ምክር መንካት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ «እማዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ሰላም ያወርዳል፤ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ስለሆነ ሐሰት የለበትም።

ቆዳ የሚያፈኩ ክሬሞች ሌላው መግቢያ ናቸው። ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ ሚናማታ በሚባለው ስለ ሜርኩሪ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሊመረት አይገባም፤ ገበያ ላይ ግን ይገኛል። ምን እንደያዘ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ፣ ወይም «ወርቅና ብር አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለበት ክሬም ካለዎት መጠቀሙን ያቁሙ፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ሜርኩሪ እንዳለበት ይጠቁማል። በፎጣና በትራስ ልብስ ላይ የቀረው ለልጆች ስለሚተርፍ እነሱም ይታጠቡ። ክሬሙን እሳት ውስጥ አይጣሉት፤ ሜርኩሪ ሲሞቅ ተን ሆኖ ይተነፈሳል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ጭስ

የትምባሆ ቅጠል ካድሚየምን ከአፈር ስቦ ያከማቻል፤ የሚያጨስ ሰው በገላው ያለው ካድሚየም ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ነው። በጋያም ሆነ በሺሻ ቢጨስ ትምባሆ ትምባሆ ነው። ጫት በሚቃምበት ክፍል ውስጥ መስኮት ተዘግቶ ሲጨስ፣ ቡና የምታፈላው ሴት አብራ ታጨሳለች ማለት ይቻላል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የሚችል ቤት ቢኖር፣ በቤት ውስጥ ማጨስን ይከልክል እላለሁ። ባትሪ ድንጋይ፣ ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ እንጨት ለማገዶም ሆነ ለቆሻሻ ማስወገጃ አይቃጠሉ፤ የእንጨት ሥራ በበዛበት ከተማችን ቀለም የነካው ቁርጥራጭ በነጻ ስለሚገኝ ብቻ ምድጃ ውስጥ ይገባል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳና በር ግን በየቤታችን አለ። የተፈረፈረውን ቀለም በደረቁ አይፋቁት፤ አርጥበው ያንሡት።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ጓሮ፣ ጎመንና ውኃ

የአዌቱ ወንዝ ከተማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የጋራዡን፣ የላቫጆውንና የቤቱን ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ከታችኛው ዳርቻው በሚጠጣ መሬት ላይ የበቀለ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ብረት ሊይዝ የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ ነው። ቅጠላ ቅጠል ከበቆሎና ከቲማቲም ይልቅ ካድሚየምን በብዛት ይሰበስባል። ማጠብ በላዩ ያለውን አፈርና ብናኝ ያስወግዳል፤ በሥሩ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባውን ግን አያወጣም። ስለዚህ ሻጯን «ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅና ከአንድ ቦታ ብቻ አለመግዛት ከማጠብ ያልተናነሰ ጥቅም አለው።

በራስዎ ጓሮ የሚተክሉ ከሆነ፣ የአካባቢያችን ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ መሆኑን ያስታውሱ፤ አፈር አሲዳማ ሲሆን ካድሚየም በቀላሉ ወደ ተክሉ ይገባል። ገበሬው ምርት ለመጨመር የሚበትነው የግብርና ኖራ አሲዱን ስለሚያበርድ ይህንንም ይቀንሳል፤ ኮምፖስትም ይረዳል። መጠኑን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይነግርዎታል። መደቡን ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አጥርና ከአሮጌ ቀለም ግድግዳ ሥር አርቀው ያድርጉት።

ስለ ውኃ ባጭሩ፦ ማፍላትና ውኃ አጋር ጀርምን ይገድላሉ እንጂ ብረትን አያወጡም። ሌሊቱን በቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውኃ ለጽዳት ቀድተው፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲወርድ ለመጠጥ ይቅዱ። የግል ጉድጓድ ያለው ሰው ውኃውን ቢያስመረምር፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ለአርሴኒክና ለእርሳስ 10፣ ለካድሚየም 3 ማይክሮ ግራም መሆኑን ይዞ ውጤቱን ያነጻጽር።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ገላ መርዛማውን ብረት እንዳይቀበል መመገብ

የደም ማነስ ያለባት ሴት አንጀቷ ለደም የሚያስፈልገውን ብረት (አይረን) ፍለጋ በሩን ይከፍታል፤ በዚያው በር ካድሚየምም እርሳስም ይገባሉ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠውን የብረት እንክብል ሳያቋርጡ መውሰድ ስለዚህ ሁለት ጥቅም አለው። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን በሎሚ ሲበሉ ብረቱ በደንብ ይገባል፤ ወተትና አይብ ካልሲየም ስላላቸው እርሳስን ይቀናቀናሉ። ቡናና ሻይ ግን በምግብ ላይ ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል። የቡና አገር ሰው ይህን ቅር እያለው እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ቡናው አይቅር፤ ከምሳው ወይም ከእንክብሉ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ።

«ደም ያጠራል»፣ «መርዝ ያወጣል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ጠብታ አይግዙ። ከደም ውስጥ መርዛማ ብረት የሚያወጡ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን በምርመራ መመረዙ ለተረጋገጠ ሰው በሐኪም ክትትል ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሲወሰዱ ለገላ የሚያስፈልገውንም ማዕድን አጥበው ይወስዳሉ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ምርመራ ለማን?

ሁሉም ሰው መመርመር አያስፈልገውም። በባትሪ፣ በማቅለጥ ወይም በብየዳ ሥራ ያለ ሰው ግን፣ ይልቁንም ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉት፣ ለሐኪሙ ሥራውን በግልጽ ተናግሮ የደም እርሳስ ምርመራ የት እንደሚደረግ ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ ሲገኝ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል፤ ይህ ማለት ከዚያ በታች ያለው ደኅና ነው ማለት አይደለም። የቆየ የካድሚየም ክምችት በሽንት ይታያል። በፀጉር የሚደረግ ምርመራ ከውጭ በተነካካ ብናኝ ስለሚዛባ ገንዘብ አያውጡበት።

ጡት ማጥባትን ግን በዚህ ፍርሃት አያቋርጡ። ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሥራ፣ እናት ባጠባች በየ12 ወሩ የጡት ካንሰር ስጋቷ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ለመድፈን የምንሞክረው ስጋት እንኳ በእርግጠኝነት ባልተለካበት ሁኔታ የተለካውን ጥቅም መጣል ትልቅ ጉዳት ነው።

የመጨረሻው እርምጃ፦ ጡትን ማወቅና ሳይዘገዩ መሄድ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በጡት ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ሌላ ተለይቶ የሚታወቅ ምክንያት የለባቸውም። ቤትዎ ከእርሳስ የጸዳ ቢሆንም ይህ እርምጃ አይቀርም። በአገራችን ደግሞ ከ40 ዓመት በታች ሆነው የሚታመሙ ብዙ ናቸው።

የወር አበባ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ጡት ስለሚለሰልስ፣ በወር አንድ ቀን ያን ጊዜ ይምረጡ። ከወገብ በላይ ልብስ አውልቀው በመስታወት ፊት እጅዎን ጎንዎ ላይ፣ ከዚያም ወደ ላይ አንሥተው የቅርጽና የቆዳ ለውጥ ይመልከቱ። በጀርባዎ ተኝተው በተቃራኒው እጅ ሦስት ጣቶች ከአንገት አጥንት እስከ ብብት በዝግታ ይዳስሱ። የሚፈለገው «የተለመደ» ጡት አይደለም፤ የራስዎን ጡት ከባለፈው ወር ጋር ማወዳደር ነው። ካንሰር የሆነ እብጠት ብዙ ጊዜ አያምም፤ «አላመመኝም» ብሎ መቆየት ብዙዎችን ያስዘገየው ለዚህ ነው።

ለውጥ ካገኙ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ይሂዱና ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ከመጀመሪያው ጉብኝቷ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ እንዲያልቅ ይመክራል፤ ቀኑን ከደብተርዎ ላይ ይቁጠሩት። በመጀመሪያ ሐኪሙ በእጁ ይመረምራል፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም ይታዘዛል፤ ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ከእብጠቱ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው። ናሙና መውሰድ በሽታውን ያሠራጫል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። የናሙናው ውጤት ሲሰጥዎ የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የኸርቱ (HER2) ተቀባይ ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ፣ መድኃኒቱ የሚመረጠው በእርሱ ነውና፤ የወረቀቱንም ቅጂ ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ።